የኮምፒውተሩ ምርቃት

ፎቶ አንሺዋን ሰፈሩ ሁሉ «ቀና በሉ» ብሎ ነው የሚጠራት። ከመብራቱ ፊት የተቀመጠ ሰው፣ ሕፃንም ይሁን ሽማግሌ፣ ሳትቆጣው አታነሳውም ነበር። «ቀና በሉ! ትከሻ! አገጭ ዝቅ!» ትላለች፤ ሰውየው ደንግጦ ሲቀና ጠቅ ታደርገዋለች። ባሏ ከሞተ ወዲህ ፎቶ ቤቱን ብቻዋን አቁማ፣ አንዲት ልጇን በዚያው ያሳደገች፣ ወገቧን ጠበቅ ያደረገች ሴት ናት። እጇ የገባ ነገር አይጣልም። የተቃጠለ አምፖል እንኳን «ለአንድ ነገር ይሆናል» ብላ ካርቶን ውስጥ ታስቀምጣለች።

ልጇ ያገባችው ድምፁ የማይሰማ፣ ረጋ ያለ ሰው ነበር። ሙያው ፎቶ ማስተካከል ነው። የተጨፈነ ዓይን ከሌላ ፎቶ አምጥቶ ይከፍታል፤ ሠርጉ ላይ ያልነበረ አጎት ከቤተሰቡ መሃል ያቆማል፤ ብጉር ያጠፋል፣ የተቀደደ ያረጀ ፎቶ ይሰፋል። ፎቶ አንሺዋ አማቿን እሷው ፎቶ ቤት አስገባችው። እሷ ታነሳለች፣ እሱ ጥጉ ላይ ካለው ኮምፒውተር ፊት ተቀምጦ ያሳምራል። «እማማ» ነው የሚላት። እሷም ለመጣው ደንበኛ ሁሉ «የወለድኩት ቢሆን እንዲህ አይሆንልኝም» ትላለች፤ እሱ እየሰማ ጆሮው ይቀላል።

አሮጌው ኮምፒውተር ነፍሱ ሲወጣ አዲስ ገዛች። ሻጩ ነገር አዋቂ ነበር።

«ደግሞ ምርቃት አለው እናቴ» አላት። «ፎቶ ማሳመሪያ አለው፣ የቫይረስ ጠባቂ አለው፣ የአየር ጠባይ የሚነግር አለው፣ ጨዋታ አለው። ሁሉም ተጭኖ ነው የሚመጣው፤ ምንም አይጨምሩም።»

ከዚህ በላይ የሚያስደስታት ቃል ሻጩ ሊያገኝ አይችልም ነበር።

ኮምፒውተሩ ተከፈተ። ገና ከመከፈቱ ግራና ቀኙ ጫጫታ ሆነ። አንዱ ፕሮግራም ሄደውበት የማያውቁት ከተማ ዝናብ ሊዘንብ መሆኑን ነገራቸው። አንዱ «እንኳን ደስ አለዎት!» አለ፤ በምን እንደሆነ አልተናገረም። አንዱ የቀይ ውሻ ሥዕል ይዞ ብቅ እያለ «ኮምፒውተርዎ አደጋ ላይ ነው!» ብሎ ይጮኻል፤ ውሻውን ዝም ለማሰኘት «እሺ» የሚለውን መጫን ነው፤ «እሺ» ከተባለ ደግሞ አንድ ሌላ ፕሮግራም ይዞ ይመጣል።

«እማማ፣ እነዚህን ላጥፋቸው?» አላት አማቿ።

«ምን አደረጉህ?»

«ማሽኑን ያንቀራፍፉታል። ምን እንደሚሠሩም አይታወቅም።»

«ገዝቼ ያመጣሁትን ልትጥልብኝ?»

«እርስዎ የገዙት ኮምፒውተሩን ነው። እነዚህ ተሳፋሪዎች ናቸው።»

«ተሳፋሪ ከሆኑ ይሳፈሩ፤ ቦታ አልጠበበን!» ብላ ሳቀች። እሱም አብሯት ሳቀ።

ሌላም ነገር ነበር። የኮምፒውተሩ ዋና ሲስተም በየጊዜው «አፕዴት ልደረግ» ይላል። እሺ ከተባለ ግማሽ ቀን ጠፍቶ፣ እየበራ ተመልሶ እየጠፋ፣ ደንበኛ ያስቆማል። ስለዚህ ጠዋት ጠዋት እሱ ከመምጣቱ በፊት ኮምፒውተሩን የምትከፍተው እሷ «በኋላ» የሚለውን ትጫናለች።

«እማማ፣ ይሄ የበር ቁልፍ እንደ መቀየር ነው» አላት አንድ ቀን። «ሲስተሙ ላይ ቀዳዳ ይገኛል፤ ሠሪዎቹ መድፈኛ ይልካሉ፤ እሱን ነው ልቀበል የሚለው።»

«አዲስ ኮምፒውተር ምን ቀዳዳ አለው?»

ሊመልስ አፉን ከፈተና ተወው። አማት ናት፣ የፎቶ ቤቱም ባለቤት ናት፤ አንዱን ቢያልፈው ሌላው ዝም ያሰኘዋል።

ያ የተረገመ ቀን ሲመጣ ፎቶ ቤቱ ሙሉ ነበር። የሙሽራ ቤተሰብ ለአልበም የሚሆነውን ሊመርጥ መጥቷል፤ ሙሽራዋ፣ እናቷ፣ አክስቷ፣ አባቷም ጭምር። አባትየው የአንድ ትልቅ መሥሪያ ቤት ኃላፊ ናቸው፤ ሲገቡ ሰው ወንበር የሚለቅላቸው ዓይነት። አማቿ ፎቶዎቹን ግድግዳው ላይ ባለው ሰፊ ስክሪን አንድ በአንድ ያሳያል። አባት ልጃቸውን አቅፈው እንባቸውን በአይበሉባቸው ሲጠርጉ የሚያሳየው ፎቶ ላይ ሲደርስ ሁሉም ጸጥ አለ። እናትየው አፍንጫዋን ሳብ ሳብ አደረገች።

ያኔ ነው በእንባው ላይ ሌላ ነገር የተከፈተው።

ራቁቱን የሆነ ነገር ነበር፤ የሚንቀሳቀስ፣ ድምፅም ያለው፤ ግድግዳውን የሞላ። አማቿ ዘሎ ዘጋው። አንዱን ሲዘጋ ሁለት ወለደ። ሁለቱን ሲዘጋ አራቱ ማዕዘን ሞላ። አክስትየው ተወርውራ ሄዳ፣ ገና የተሞሸረችውን ልጅ ዓይን በሁለት እጇ ሸፈነች። በመጨረሻ እሱ ጠረጴዛው ሥር ገብቶ ገመዱን ከሶኬቱ ነቀለው።

ስክሪኑ ጠቆረ። የሁሉም ዓይን ወደ ፎቶ አንሺዋ ዞረ።

መሬት ተከፍታ ብትውጣት በወደደች ነበር። ዕድሜ ልኳን የገነባችው ስም በዓይኗ ፊት ሲናድ ታያት፤ ከመናዱ በፊት ሌላ ሰው ላይ መጣል ነበረበት። ሌላው ሰው ደግሞ እዚያው፣ ከጠረጴዛው ሥር በጉልበቱ እየወጣ ነው።

«አንተ ባለጌ!» አለችው። «ልጄን ሰጥቼ፣ ሥራ ሰጥቼ ያስቀመጥኩህ ይሄን ልታይበት ነው?»

«እማማ፣ እኔ አይደለሁም። እነዚያ ፕሮግራሞች…»

«እማማ አትበለኝ! ፕሮግራም በራሱ ይባልጋል? እኔ ስወጣ የምትሠራው ይሄንን ነው?»

አማቿ የቤቱን ሰው አንድ በአንድ አየና መጨረሻ ላይ ወደ ሙሽራዋ አባት ዞሮ ተመለከተ፤ አንድ ቃል እንደሚጠብቅ ሰው። አባትየው ጫማቸውን አዩ።

«ውጣልኝ!» አለች። ወጣ። ኮቱን እንኳን ከወንበሩ አላነሳም።

ደንበኞቹ «አይዞሽ፣ የዛሬ ዘመን ወንድ ምን ይታወቃል» እያሉ ሲያጽናኗት፣ እውነት ለመናገር፣ ደስ አላት። በእሷ አልፈረዱም። ልክ እንደወጡ ስልኳን አንስታ መድኃኒት ቤት ለምትሠራው ልጇ ደወለች። ያየችውን ብቻ ብትነግራት ደግ ነበር፤ ግን ንዴት ነገር ያበዛል። «ስንት ጊዜ ሲደብቀኝ ኖሯል» ብላ ጨመረችበት። ከየት እንዳመጣችው እሷም አታውቅም። ሰፈሩን ደግሞ የሙሽራዋ አክስት አዳረሰችው።

ልጇ ቤት ስትገባ ባሏን ስልክህን ስጠኝ አለችው። ቁልፉን ከፍቶ ሰጣት። እሷ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጣ መልእክቱን፣ ፎቶውን፣ የጎበኘውን ሁሉ ስትፈትሽ እሱ ልብሱን ሻንጣ ውስጥ ያጥፍ ነበር።

«ካገኘሽ ንገሪኝ» አላት። «ካላገኘሽም ንገሪኝ።»

ምንም አላገኘችም። ይህንን ስትነግረው ግን ሻንጣው ተዘግቶ ነበር። ወንድሙ ቤት ሄደ። እሷም ብቻዋን ማደሩ አስፈራትና ዓይኗ አብጦ እናቷ ቤት ገባች።

ጥቂት ቀናት አለፉ። ፎቶ አንሺዋ ማሳመሩንም ማንሳቱንም ራሷ ያዘችው። ማክሰኞ ጠዋት፣ ፎቶ ቤቱ ባዶ እንደሆነ፣ የአንድ ተማሪ ፎቶ ልታስተካክል ማውዙን ስትነካ ያ ነገር ቦግ ብሎ ተከፈተ። ያው ራሱ። በድምፁ።

መጀመሪያ ያየችው በሩን ነው፤ ሰው ገብቶ ይሆን? ቀጥሎ የመጣላት ሐሳብ «አሁን ሰው ቢገባ እኔ ያመጣሁት ሊመስለው ነው» የሚል ነው። «እኔ አይደለሁም» የሚለው ቃል ከንፈሯ ላይ ደርሶ ነበር፤ ባዶ ቤት ውስጥ፣ ለማንም። ያንን ቃል ማን እንዳለውና ምን ብላ እንደመለሰችለት ትዝ ሲላት ላብ አጠመቃት። እሱ እንዳደረገው ጠረጴዛው ሥር በጉልበቷ ገብታ ገመዱን ነቀለች፤ እዚያው ሥር ትንሽ ቆየች።

ፎቶ ቤቱን ዘግታ፣ ኮምፒውተሩን እንደታመመ ሕፃን በፎጣ ጠቅልላ፣ ከሰፈሯ ራቅ ያለ ጥገና ቤት ወሰደችው። ጠጋኙ ጠረጴዛው ላይ የተፈታታ ስልክና ላፕቶፕ ከምሯል።

«ምን ሆኖ ነው?»

«አንዳንድ… ምስል ያመጣል።»

«ምን ዓይነት ምስል?»

«ምስል» አለች፤ ግድግዳውን እያየች።

ጠጋኙ ገባው። «አይ እናቴ! ይሄማ የዕለት እንጀራዬ ነው። ሰው ሁሉ እንደ አባላዘር በሽታ በሹክሹክታ ነው የሚነግረኝ።»

ከፍቶ ጎረጎረው። እሷ በርጩማ ላይ ተቀምጣ ጠበቀች።

«ማን ነው ያስገባው?» አለችው ስትጨነቅ ቆይታ።

«ማንም። አብሮት የመጣ ነው። ይሄ የአየር ጠባይ የሚነግረውን አዩት? ሥራው ማስታወቂያ መልቀም ነው፤ ከጎዳና ያገኘውን ሁሉ እያነሳ ያመጣል። ይሄ ውሻው ደግሞ ጠባቂ ነኝ ይላል እንጂ በሩን የሚከፍት እሱ ነው። በዚያ ላይ ሲስተሙ ከተገዛ ጀምሮ አንድ ቀን እንኳ አልታደሰም። ቀዳዳው ከታወቀ ቆይቷል፣ መድፈኛው ተልኮለታል፤ ግን ‹በኋላ፣ በኋላ፣ በኋላ› እያለ የሚጫን ሰው አለ።»

«ማለት… ይህን ነገር ፈልጎ የከፈተ ሰው የለም?»

ጠጋኙ ስክሪኑን ቁልቁል አየው። «እዚህ የሚታየኝ ፎቶ ነው፣ ፎቶ ነው፣ ፎቶ ነው። የሚሠራበት ሰው ከሥራ ሌላ ነገር የማያውቅ መሆን አለበት።»

ፎቶ አንሺዋ «በኋላ»ን የምትጫንበትን ጣቷን ሳታውቀው በሌላው እጇ ጨብጣ ይዛዋለች።

እዚህ ላይ ወዲያውኑ ወደ ልጇ ሮጠች ቢባል ደስ ይል ነበር። አልሮጠችም። ሰው የሠራው ስህተት ሲገባው ቶሎ የሚናገር ይመስላል፤ እንዲያውም ያኔ ነው አፉ የሚታሰረው። ለሰፈር ተናግራለች፣ ለልጇ ተናግራለች፣ ያልነበረ ነገር ጨምራ ተናግራለች። ካፈርኩ አይመልሰኝ ማለት ይሄ ነው።

«ኮምፒውተሩ ተሠራ?» አለቻት ልጇ ማታ ራት ላይ።

«ተሠራ።»

«ምን ሆኖ ነው አሉ?»

«ኧረ እኔ ምን አውቄ። ቫይረስ ነው አሉ መሰለኝ።»

«ቫይረስ ደግሞ ዝም ብሎ አይመጣ» አለች ልጇ። «የማይገባበት ቦታ ሲገባ ነው እንጂ።»

እናት ዝም አለች። ያ ዝምታ ፎቶ ቤት ውስጥ ከጮኸችው ጩኸት ይከፋ ነበር፤ ይህንንም እዚያው ማዕድ ላይ ታውቀዋለች። በማግስቱም ዝም አለች። በሦስተኛውም።

ዓርብ ዕለት ልጇ ልብስ እያጠበች፣ ዞር ሳትል፣ «ዕቃውን መጥቶ እንዲወስድ ልነግረው ነው» አለች። «ቤቱንም ብንለቅ ይሻላል። ለብቻዬ ምን ያደርግልኛል?»

«እሱ አይደለም» አለች ፎቶ አንሺዋ።

«ምኑ?»

«እሱ አይደለም ልጄ። ከኮምፒውተሩ ጋር የመጣ ነው። ላጥፋቸው ሲለኝ እንቢ ያልኩት እኔ ነኝ። ይታደስ ሲለኝም ‹በኋላ› እያልኩ የተጫንኩት እኔ ነኝ። ስንት ጊዜ ሲደብቀኝ ኖሯል ያልኩሽም ውሸቴን ነው።»

ልጇ የጨመቀችውን ልብስ ውሃው ውስጥ መልሳ ጣለችው።

«መቼ ነው ያወቅሽው?»

ይህንን ጥያቄ አልጠበቀችም ነበር። «ማክሰኞ» አለች ድምፅዋ ሳይወጣ።

«ማክሰኞ። እና ረቡዕ ከእኔ ጋር ራት በላሽ። ሐሙስም በላሽ።» ልጇ አልጮኸችም፤ ብትጮህ በተሻለ ነበር። «እኔ ስልኩን ፈተሽኩት እማዬ። እንደ ሌባ። አንቺን አምኜ የባሌን ስልክ ፈተሽኩት።» እጇን በቀሚሷ ጠርጋ ወጣች፤ ልብሱ ሳሙናው ላይ ቀረ። እናትየው አጥባ ጨረሰችው።

ሌላ ሰው ፊት ያዋረደችውን ጓዳ ገብታ ይቅርታ ብትለው ዋጋ እንደሌለው ገባት። ስለዚህ ከሁሉ በፊት ወደ ሙሽራዋ አባት ቢሮ ሄደች። አባትየው ከነማዕረጋቸው ከሰፊ ጠረጴዛ ጀርባ ተቀምጠዋል። ቆማ ነገረቻቸው፤ አማቿ ምንም እንዳላጠፋ፣ ጥፋቱ የእሷ እንደሆነ፣ ይህንን እርሳቸውም ቤተሰባቸውም እንዲያውቁላት።

አባትየው ተነስተው በሩን ዘጉ። ተመልሰው ሲቀመጡ ፊታቸው ሌላ ሆኗል።

«እኔ እኮ» አሉ ጉሮሯቸውን ጠርገው፣ «ያን ቀንም አውቄው ነበር።»

«ምኑን?»

«ይሄ የእኔም ኮምፒውተር ላይ ወጥቷል። እዚሁ። ጸሐፊዬ ደብዳቤ ልታስፈርመኝ ቆማ ሳለ። ከዕቃው ጋር የተጫነ ነገር ነው ብለው የእኛ ባለሙያዎች አጠፉልኝ።»

«ታዲያ ለምን ዝም አሉ ጌታዬ?»

«ምን ልበል? ‹እኔም ጋ ይመጣል› ልበል? ሚስቴ ፊት? ልጄ ፊት?» እጃቸውን ጠረጴዛው ላይ ዘረጉ። «ልጁ ወደ እኔ ሲያይ እኮ አይቼዋለሁ።»

ትልቁ ሰውዬና ፎቶ አንሺዋ እኩል አጎንብሰው ምንጣፍ ያያሉ።

«ልጁ የት ነው ያለው?» አሉ በመጨረሻ፤ ኮታቸውን ከመስቀያው እያወረዱ።

አማቿ አንድ ማተሚያ ቤት ሥራ ይዞ ነበር። ሲደርሱ ከሌሎች ሠራተኞች ጋር ሆኖ፣ አንድ የሱቅ ማስታወቂያ መሬት ላይ ዘርግተው ጠርዙን ይቆርጣሉ። ማሽኑ ይጮኻል። ወደ ውጭ እንውጣ ሲላት «አይ፣ እዚሁ» አለች። ማሽኑን ያጠፉት ሠራተኞቹ ናቸው፤ ነገር ሲሸታቸው።

«ሰው ፊት ነው የሰደብኩህ፣ ሰው ፊት ልናገር» አለች። ከዚያ በኋላ ያዘጋጀችው ንግግር ሁሉ ጠፋባት። «ባለጌ አልኩህ። ባለጌዋ እኔ ነኝ። ነግረኸኝ ነበር፤ አልሰማሁህም። ለልጄ ደግሞ ዋሸሁብህ። ካወቅሁ በኋላም ቀናት ዝም አልኩ። ይቅር በለኝ።»

አባትየው ቀጠሉ፤ ለቢሮ ስብሰባ የሚበቃ ድምፃቸው አነሰ። «እኔም እያወቅሁ ዝም ብዬሃለሁ» አሉ።

አማቿ መቁረጫውን በእጁ እንደያዘ ሰማቸው። ከዚያ ቀስ ብሎ አስቀመጠው።

«እርስዎ ተናደው ነበር» አላት። «ከንዴትዎ ይልቅ የከበደኝ የእሳቸው ዝምታ ነው። ያን ሁሉ ሰው አንድ በአንድ አየሁ፤ አንዱ ‹ሊሆን ይችላል› ቢል ይበቃኝ ነበር።» ቀጥሎም፣ «ከሚስቴ ጋር እንነጋገራለን። ፎቶ ቤት ግን አልመለስም» አለ።

«ኮትህን ይዤልህ መጥቻለሁ» አለች፤ ሌላ የምትለው ስላጣች። ተቀበላት።

ባልና ሚስት ምን እንደተባባሉ ማንም አያውቅም፤ ልጅቷም ለእናቷ አልነገረቻትም። ብዙ ሳይቆይ ወደ ቤታቸው ገቡ። ይሁንና ልጇ የእናቷን ስልክ ለማንሳት ጊዜ ወሰደባት፤ ካነሳችም በኋላ ወሬው የሥራና የጤና ብቻ ሆኖ ከረመ።

ፎቶ አንሺዋ ከዚያ በኋላ ወሬውን የሰማውን ሰው ሁሉ እያስቆመች እውነቱን መናገር ያዘች። ዳቦ ቤት ሰልፍ ላይ፣ አውቶቡስ ውስጥ፣ ፎቶ ቤቷ ውስጥ። ወሬ ግን ሲወጣ በሩጫ ነው፣ ሲመለስ በምርኩዝ። አንዳንዱ ያምናታል። አንዳንዱ «የልጇን ትዳር ልታድን ነው፤ እናት አይደለች?» ይላል። አንድ ቀን የሙሽራዋን አክስት መንገድ ላይ አገኘቻትና እጇን ይዛ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ነገረቻት። አክስትየዋ በትዕግሥት ሰማቻት፤ ከዚያ ጉንጯን ሳመቻትና በዓይኗ ጠቀስ አድርጋ፣ «ተይው እቴ፣ እኛ እኮ ረስተነዋል» አለቻት።

ቤቷ እስክትገባ ድረስ ፊቷ ይነድ ነበር።

እሑድ ልጇ ምሳ ጋበዘቻት፤ ከዚያ ነገር ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ። ጥጉን ይዛ ተቀመጠች። መናገር ይኑርባት አይኑርባት አላወቀችም፤ ግን የአክስትየዋን ነገር ለአማቿ ነገረችው። እሱ ማንኪያውን አስቀምጦ ድንገት ሳቀ፤ ሳቁ ግን ቶሎ አለቀ።

«ጥሩ፣ እነሱ ረስተውታል» አለ። «እኔ ግን ገና ነኝ።»

«አውቃለሁ» አለች።

«ይብሉ እንጂ» አለና ሳህኑን ወደ እሷ አስጠጋላት። ዓይኗን ከሳህኑ ሳታነሳ፣ ቀስ እያለች በላች።